የእንጦጦ የግማሽ ቀን ጉብኝት፦ ከየት ይጀመር፣ ምን ይታለፍ

ከከተማ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰው አብዛኛው ቀጥታ ፓርኩ ይገባል። ተጫውቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ጀምበር ስታዘቀዝቅ «እግረ መንገዳችንን ማርያምን ተሳልመን፣ ሙዚየሙንም አይተን እንውረድ» ይላል። ያን ጊዜ እግሩ ደክሟል፣ ብርዱ መጥቷል፣ ትኬት ቆራጩም ወደ ቤቱ እየተሰናዳ ነው። የዚህ ግምገማ ምክር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፦ ጠዋት ማርያም፣ ቀጥሎ ራጉኤልና ሸንተረሩ፣ ፓርኩ መጨረሻ። ፓርክ ሌላም ቦታ ይሠራል። ዋና ከተማ ሆኖ ኋላ የተተወ፣ በታክሲ የሚደረስበት ተራራ ግን ለአዲስ አበባ ሰው ይኸው ነው።

መሬቱ ካልገባ ታሪኩም አይገባም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ቦሌ ላይ በሸሚዝ የተነሣ ሰው ማርያም ደጃፍ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። አየሩም ይሳሳል። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ውኃ እንኳ በ90 ዲግሪ ይፈላል። ሯጮቻችን ማልደው እንጦጦ ጫካ የሚገኙት ለዚህ ነው፤ ሰውነት በሳሳ አየር ሲለማመድ ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ለሯጭ የበጀው ለጎብኚ ትንፋሽ ያሳጥራል። የአዲስ አበባ ነዋሪ ከፍታውን ግማሽ በግማሽ ስለለመደው ቀስ ብሎ መራመድ ይበቃዋል። ከቆላ በቅርቡ የመጣ እንግዳ፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ግን በመኪና እስከ ላይ ደርሶ ሜዳ ሜዳውን ብቻ መሄድ ይሻላል።

ሌላው ነገር ውኃው ነው። የእንጦጦ ሸንተረር ልክ እንደ ቤት ጣራ ጫፍ ዝናብን ለሁለት ይከፍላል። በደቡብ በኩል የወረደው ቀበናን በመሳሰሉ ወንዞች ከተማውን አቋርጦ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው በሱሉልታ በኩል አድርጎ በሙገር ወደ አባይ ይሄዳል። ድንጋዩ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ ከመንገዱ ዳር የተቆረጠውን ገደል ያየ ሰው ግራጫና ቀይ ቀለሙን ያገኘዋል። የውኃ ከፋይ ሸንተረር አናት ላይ መኖር ማለት ውኃው ሁሉ ከእግር ሥር ይሸሻል ማለት ነው። የእንጦጦ ከተማ ዕድሜ ያጠረበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ልብ በሉ።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው መቀመጫቸውን ወደዚህ አካባቢ ያዛወሩት። በትውፊት እንደሚነገረው ቦታው የቀደምት ነገሥታት ከተማ የነበረበት መሆኑ መባሉ ስቧቸዋል። የጦር አዛዥ ዓይን ይዞ ለቆመ ሰው ግን ትውፊት አያስፈልገውም፤ ከላይ ሆኖ በአራቱም አቅጣጫ የሚመጣ ሠራዊት ከሩቅ ይታያል። ለሠፈር የተመረጠ ተራራ ለከተማ ግን አልሆነም። ነፋሱና ብርዱ ከባድ ነበር፣ ውኃ ከታች ይቀዳ ነበር፣ ማገዶውም ቶሎ ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ ከታች ፍልውኃ አጠገብ ቤት አሠርተው በ1879 ዓ.ም. ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ምኒልክ ያን ጊዜ የሐረር ዘመቻ ላይ ነበሩ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተቆርቁራ ሦስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላም ቢሆን ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ተራራው ላይ፣ በእንጦጦ ማርያም ነው፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ በአቡነ ማቴዎስ እጅ። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ከኢጣልያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራርመው ነበር። እነዚህን ሦስት ቀኖች በቅደም ተከተል የማይነግራችሁ አስጎብኚ ብትቀጥሩ ገንዘባችሁን ለዕይታው እንደከፈላችሁ ቁጠሩት።

ስለ አስጎብኚ ከተነሣ አይቀር፦ በር ላይ ራሱን አስጎብኚ ብሎ የሚያቀርብ ወጣት አይጠፋም። ጎበዝም አለበት፣ ዝም ብሎ የሚያወራም አለበት። መለያው ቀላል ነው፤ «ከዚህ ለምን ወረዱ?» ብላችሁ ጠይቁት። ስለ ውኃና ስለ ማገዶ ከጀመረ ያዙት። «እቴጌ አበባ አይተው ስለ ወደዱት» ብቻ ብሎ ካቆመ ምስጋና ሰጥቶ ማለፍ ነው። ዋጋውን፣ የሚወስደውን ሰዓትና የትኞቹን ቦታዎች እንደሚያካትት ሳትነሡ ተስማሙ፤ «እንደ ፍላጎትዎ» የሚባለው ነገር መጨረሻው ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል።

ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስምንት ማዕዘን ናት። ከውጭ ዙሪያውን ለማየት አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ውስጡን ለማየት ግን ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል። በበዓልና በእሑድ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ለጉብኝት አይሆንም። በጾም ቀን ደግሞ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ያላለቀለት ሰው ከሰዓት ላይ አይሳካለትም። ወር በገባ በ21 ቀን የማርያም ስለሆነ ግቢው በምእመን ይሞላል፤ ለመሳለም የሚሄድ ደስ ይለዋል፣ ሥዕል ለማየት የሚሄድ ግን ሌላ ቀን ይምረጥ። ለጉብኝት የሚመቸው ከሰኞ፣ ከማክሰኞ ወይም ከሐሙስ አንዱ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ነው። ጫማ ይወልቃል፤ ወለሉ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ካልሲ አድርጉ። ሴቶች ነጠላ ይዘው ይምጡ፣ ወንዶችም ቁምጣ ይቅርባቸው። መቅደሱ ውስጥ ካህን ካልሆነ በቀር አይገባም፤ ሥዕሎቹ የሚታዩት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ቅድስቱ ውስጥ፣ ማለትም መቅደሱን በሚከበው ክፍል፣ ሆኖ ዙሪያውን መዞር ነው። የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ግን ብልጭታ ያለው ፎቶ አታንሡ፤ ፎቶ ጭራሽ የሚፈቀድ መሆኑንም ቀድማችሁ ካህኑን ጠይቁ።

ከግቢው አጠገብ ያለው ሙዚየም ትንሽ ነው። ነገሥታቱ ለቤተ ክርስቲያኗ የሰጧቸው አልባሳት፣ ዘውዶች፣ ነጋሪት፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋያት በመስታወት ሣጥን ተደርድረዋል። ከ40 ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ሁለት ሰዓት ይዞ የሚመጣ ሰው ይሰላቻል። በችኮላ ግን አይታለፍ። በተለይ ካባዎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ የወርቅ ክሩ ከጨርቁ ላይ ሲነሣ የሚታይበት ቦታ ልብሱ ለዕይታ የተሠራ ሳይሆን በትክክል የተለበሰ መሆኑን ይነግራል። ክፍያው ሙዚየሙን ብቻ ወይስ የምኒልክን ቤተ መንግሥትም እንደሚያካትት ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ትኬቱንም አትጣሉት።

ቤተ መንግሥቱ ሰውን ሁሌም ያስገርማል፣ አንዳንዱንም ቅር ያሰኛል። ቤተ መንግሥት ሲባል ድንጋይና ዕብነ በረድ የጠበቀ ሰው የሚያገኘው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ ቤት ነው። እኛ ግን ከጉብኝቱ ሁሉ ትልቁን ነጥብ የምንሰጠው ለዚህ ነው። ንጉሥና መሳፍንት ግብር የበሉበት፣ ዓለም አቀፍ መልእክተኛ የተቀበሉበት ግቢ ማንም ገጠር የሚያውቀው የግድግዳ አሠራር ነው፤ ልዩነቱ በስፋቱና በጣራው ሥራ ላይ ነው። ጣራውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ወራጆቹ እንዴት እንደተያያዙ፣ ምሰሶዎቹ ክብደቱን የት ላይ እንደሚቀበሉ ተከታተሉ። የጭቃ ቤት ጠላቱ ከታች የሚመጣ እርጥበት ነውና ግድግዳው ከመሬት የሚገናኝበትን ቦታም አትዝለሉ፤ ጥገናው የሚታየው እዚያ ነው። ልጆች ግድግዳውን በጥፍር እንዳይፍቁ ይያዙ። ከ130 ዓመት በላይ የቆየ ጭቃ ነው።

ከማርያም ወደ ራጉኤል በሸንተረሩ መንገድ በእግር መሄድ ይቻላል። መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ደርቆ የወደቀው ቅጠል ቁልቁለት ላይ ሶልን ያንሸራትታል፤ ዝናብ ከነካው ደግሞ ይብሳል። ሶሉ ያላለቀ፣ ጥርስ ያለው ጫማ ይበቃል፤ ለየት ያለ የተራራ ጫማ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ራጉኤልም ባለ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ዓመታዊ በዓሉ መስከረም 1 ከእንቁጣጣሽ ጋር ስለሚውል በዚያ ቀን መኪና ይዞ መውጣት ራስን መቅጣት ነው። በሌላው ቀን ግን ከማርያም ይልቅ ጸጥ ያለው ይህ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማረፍ የሚፈልግ እዚህ ይረፍ።

ባሕር ዛፉ ራሱ ትልቅ ምዕራፍ ነው። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ ዘሩ መጥቶ በምኒልክ ፈቃድ ከመተከሉ በፊት በዚህ ተራራ ላይ የነበሩት ጥድ፣ ወይራና ኮሶን የመሳሰሉ የአገር ዛፎች ነበሩ። እነሱ ለማገዶና ለቤት እየተቆረጡ አለቁ። ማገዶው ሲርቅ ዋና ከተማውን እንደገና ማዛወር ታሰበ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዲስ ዓለም ተቆረቆረች። እዚያ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉ ግን ፈጥኖ አደገ፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በዚህም አዲስ አበባ ባለችበት ቀረች። ዕዳው ደግሞ አለ። ውኃ ይጠጣል፣ ቅባታም ቅጠሉ ሥር ሌላ ነገር ብዙም አይበቅልም፣ ባዶ የቀረውን አፈር ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ በእንጦጦ ላይ አሁን የአገር ዛፍ መልሶ የመትከል ሥራ አለ። ልዩነቱን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ባዶ መሬትና ጥድ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ጎን ለጎን ያስተያይ። ይህን በሰፊው ለማየት ግን በምዕራብ በኩል ያለው 705 ሄክታር የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ይሻላል፤ እሱ ግን የራሱ ቀን ይፈልጋል፣ ከዚህ ጋር አታዳብሉት።

መንገድ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችን ታገኛላችሁ። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣት ነውር ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ መንገድ መልቀቅ የጎብኚው ድርሻ ነው፣ ሸክም ያለበት ሰው እንደ ልቡ አይቆምም። ቀድሞ እንጨት ለቃሚ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው የሚሸምኑት የአንገት ልብስ ከተራራው ግርጌ ይሸጣል፤ ስጦታ ከፈለጋችሁ ከዚያ ግዙ።

ዕይታው በሰዓት ይወሰናል። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሰማዩ ጥርት ስለሚል በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይለያሉ፤ በጣም በጠራ ቀን ዝቋላ ጭምር ብቅ ይላል። ከቀትር በኋላ ከከተማው የሚነሣው ጭስና አቧራ ሁሉን ግራጫ ያደርገዋል። በክረምት ደግሞ ጉም ሲወርድ ሃያ እርምጃ ፊት ያለ ሰው አይታይም፤ ያን ጊዜ ለዕይታ ብሎ መውጣት ከንቱ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሙዚየሙ ግን አይከለክልም። አንድ የሚረሳ ነገር፦ ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐዩን አትናቁ። ከፍ ባለ ቁጥር ጨረሩ ይበረታል፤ ባርኔጣ ያላደረገ ሰው ማታ አፍንጫው ይላጣል። በሸንተረሩ ላይ ነጭ ጉልላት ካያችሁ የኮከብ ማያ ጣቢያው ነው፤ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ያለ ፈቃድ የሚገባበት ስላልሆነ ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው፤ ለተማሪ ቡድን ግን ቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ያዋጣል።

ፓርኩ በገበታ ለሸገር ፕሮጀክት ተሠርቶ በ2013 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ስፋቱ 1,300 ሄክታር ገደማ ነው። መንገዱ ንጹሕ ነው፣ ለብስክሌትና ለእግር ጉዞ የተለየ መስመር አለው፣ ልጆችም ይደሰታሉ። ልብ ልትሉት የሚገባው ሒሳቡን ነው። ፈረሱ፣ የገመድ ላይ ጉዞው፣ ሌላውም ጨዋታ እያንዳንዱ ለብቻው ይከፈልበታል፤ ሦስት ልጅ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ሁሉንም እናስሞክር ካለ ወጪው ሳይታወቅ ይከመራል። ከበሩ ሳትርቁ «ሁለት ሁለት ጨዋታ» ብላችሁ ተስማሙ። በገመድ ላይ የሚደረጉት ጨዋታዎች የቁመትና የክብደት ወሰን ስላላቸው ትንሹን ልጅ ተስፋ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት ወረፋ አለ። ለምግብ ፓርኩ ውስጥ ካፌ አለ፤ ሆኖም ከቤት ቆሎና ውኃ ይዞ የመጣ ሰው አይቆጨውም። የትም ብትገቡ ከተሰመረው መንገድ ወጥታችሁ ብቻችሁን ጫካ አትግቡ፤ ሲመሽ ጅብ አለ፣ ብቻውን የሚገኝ ሰው ላይ ደግሞ ዘረፋም ሊያጋጥም ይችላል።

ለመውጣት ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ በስድስት ኪሎና በአሜሪካ ኤምባሲ አድርጎ ሽሮ ሜዳ የሚሄድ ታክሲ ይያዛል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ማርያም ሌላ ታክሲ ነው። ጠዋት ለመውጣት ችግር የለም፤ ችግሩ ማታ መመለስ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ከላይ የሚወርደው ሰው ብዙ፣ ታክሲው ጥቂት ስለሚሆን በኮንትራት ካልተነሣችሁ ወረፋ ትቆማላችሁ። የራሳችሁን መኪና ከያዛችሁ በቁልቁለቱ ፍሬን ላይ እግር አሳርፎ መውረድ ይቅር፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ያቆማል። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ ሞተሩ ይያዘው፣ ፍሬኑን በየመታጠፊያው ብቻ ንኩት። አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛውን ማርሽ ምረጡ። ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ ሞተሩ በሳሳው አየር ጉልበት ስለሚያጣ አምስት ሰውና ዕቃ የጫነ ትንሽ መኪና ይቃትታል፤ የሙቀት መለኪያውን አትርሱት።

ነጥብ ስጡ ከተባልን ቤተ መንግሥቱ ከአምስት አምስት፣ ሙዚየሙ ሦስት ተኩል፣ ራጉኤል አራት፣ ፓርኩ ልጅ ላለው አራት፣ ልጅ ለሌለው ሦስት። ሁሉንም በአንድ ግማሽ ቀን ማድረስ የሚቻለው ጠዋት 2 ሰዓት ሽሮ ሜዳ ላይ ለተገኘ ሰው ነው፤ 4 ሰዓት ላይ የደረሰ ፓርኩን ለሌላ ቀን ይተወው።

ሲወርዱ ሽሮ ሜዳ ላይ የሀበሻ ልብስ ለመግዛት ከተፈለገ ሰዓቱ ይበቃል። ሸማኔዎቹ ብዙዎቹ የጋሞ ሰዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትቁሙ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ሲሉ ዋጋው ይረግባል። ጋቢ ስትገዙ አራት ድርብ መሆኑን በጣታችሁ ቆጥራችሁ፣ ፈትሉ የእጅ ይሁን የፋብሪካ ደግሞ ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩ፤ የእጅ ፈትል አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ይቀጥናል፣ የፋብሪካው ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው።